ዳባትን የሰጠኝ ሰው

የደመላሽን መሞት የሰማሁት አምባ ጊዮርጊስ ላይ ነው፤ ሚኒባሱ ቆሞ፣ ረዳቱ ጣሪያው ላይ ሦስተኛ ኩንታል ድንች ሲጭን። የደወለልኝ ኑሩ ነበር፤ ደባርቅ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው የድሮ ወዳጄ። ኑሩ ስልክ ላይ ቃል ይቆጥባል። «ደመላሽ አርፏል። ከመተማ አስከሬኑን እያመጡት ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳባት ነው፤ ከጎንደር እየመጣህ ከሆነ እዚያው ውረድና ጠብቀን» አለኝ።

እኔም ሳላስበው፣ «ዳባት እንዴት ብሎ ሊገባ ነው?» አልኩት።

ኑሩ ስልኩን ዘጋው። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ፣ ለሞተ ሰውም የመግቢያ ፈቃድ ተጀመረ እንዴ በሚል ዓይን ገላመጡኝ። ነገሩ ለእሳቸው አይገባቸውም። ለእናንተ ግን ከሥሩ ልንገራችሁ።

መቼም ሰው ሲሞት ሁሉም ስለ ደግነቱ ማውራት ይጀምራል። እኔ ግን በቁሙ ያልማርኩትን ደመላሽ፣ ሞተ ብዬ አልምረውም። እግዚአብሔር ከፈጠራቸው አሰልቺ ሰዎች ሁሉ ለደባርቅ የደረሳት እሱ ነበር፤ ለሌላ ከተማም የተረፈ አይመስለኝም።

ቁመቱ የመብራት እንጨት ያህል ነው፤ አንገቱ ብቻውን አንድ ወረዳ ይወጣዋል። ከወረዳው ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ የሥልጠና ባለሙያ ነበር። በሕይወቱ የወሰዳቸው ሥልጠናዎች በተርታ ቢደረደሩ፣ ከደባርቅ ተነስተው ሊማሊሞን ወርደው ዛሪማ ይደርሳሉ። በሸሚዙ የደረት ኪስ ሦስት ማርከር ይሰካል፤ ቀዩ ስለሚያፈስ በግራ ጡቱ በኩል ሁልጊዜ የተወጋ ሰው ይመስላል። ሳቁ ራሱ ዘግይቶ ነበር የሚመጣው። እኛ ስቀን ጨርሰን እንባችንን ስንጠርግ እሱ ሰዓቱን ያያል፤ ከዚያ «ሄ» ይላል፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ቃለ ጉባኤው ጸድቆ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ነበር የሚመስለው።

እሱ ከመምጣቱ በፊት ቅዳሜያችን ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ እኔ ቤት እንሰበሰባለን፤ እኔ፣ ባለቤቴ ዘነቡ፣ ኑሩና መሪጌታ ፈንታ። መሪጌታ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ፣ በተንኮልም ከማናችንም የማያንሱ ሰው ናቸው። ቆሎና ሻይ ይቀርባል። በቆርኪ ዳማ እንጫወታለን፤ ገበጣ እንዘራለን፤ ካርታም አለ። መሪጌታ ካርታ በእጃቸው አይነኩም፤ የኑሩን ካርታ ግን ከኋላው ቆመው አይተው በዓይናቸው ለእኔ ይነግሩኛል። «ዛሬ ምን እንጫወት?» የሚለው ጥያቄ አንድ እፍኝ ቆሎ ተቆርጥሞ እስኪያልቅ እንኳ አይፈጅም ነበር።

ደመላሽን ያመጣብን ኑሩ ነው። ብቻውን በኪራይ ክፍል ይኖራል፣ ምሳና እራቱን ሆቴል ነው የሚበላው፣ እስቲ ከሰው ይላመድ ብሎ ይዞት መጣ። ሰው እንግድነት ሲሄድ ስኳር ይይዛል፤ ደመላሽ የተጠቀለለ ትልልቅ የሥልጠና ወረቀትና ፕላስተር ይዞ ገባ። ገና ሻዩን ሳይጨርስ የዘነቡን መጋረጃ ገለል አድርጎ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ቀጥሎ ሠንጠረዥ አሰመረ፤ የጨዋታው ስም፣ ዓላማው፣ የሚፈጀው ጊዜ፣ የሚያስፈልገው ቁሳቁስ፣ የሚጠበቀው ውጤት።

ከሠንጠረዡ ሥር አምስት ጨዋታ ጻፈና በምስጢር ድምፅ እንድንመርጥ ወረቀት ቆርጦ አደለን። አምስት ሰዎች ነን፤ ድምፁ ሲቆጠር አምስቱም ጨዋታ አንድ አንድ ድምፅ አገኘ። ተደገመ፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ዙር መሪጌታ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ ደመላሽም ምክንያቱ በጽሑፍ ይቅረብ አለ። እንዲህ እያልን መብራት ሄደ። ሰው ተሰብስቦ ጨዋታ ሲመርጥ አምሽቶ ሳይጫወት የተበተነበት ቤት በሰሜን ምድር የእኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በሁለተኛው ሳምንት ምርጫ ቀረ። አመራረጡ እስኪስተካከል ድረስ ብሎ ኃላፊነቱን ራሱ ተረከበ፤ ከዚያ ወዲያ አላስረከበም። ዳማን «ሁለት ሰው ብቻ የሚያሳትፍ» ብሎ ሰረዘ። ገበጣን «ጀማሪውን የሚያገል» አለው። ካርታን ሰረዘና ምክንያቱን ሳይናገር መሪጌታን አየ። በምትካቸው ጎንደር በየሆቴሉ አዳራሽ፣ ሠልጣኝ ከምሳ በኋላ እንዳያንቀላፋ የሚያሠሩትን ማነቃቂያ ሁሉ አመጣብን። አንቀላፍተን የማናውቅ ሰዎች በእሱ ማነቃቂያ ማንቀላፋት ለመድን።

አንዱን ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ሰው ስሙን፣ በስሙ መጀመሪያ ፊደል ከሚጀምር እንስሳ ጋር ጮክ ብሎ ይናገራል። እሱ «ደመላሽ ድመት» ብሎ ጀመረ። ኑሩ ንብ ሆነ። ዘነቡ ስታመነታ እኔ «ዝሆን» ብዬ ረዳኋትና ለአንድ ሳምንት የበላሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። ቀጥሎ ማንኪያ ላይ እንቁላል ይዞ በአንድ እግር መቆም መጣ። መሪጌታ ማንኪያውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና፣ «ልጄ ደመላሽ፣ ቅኔ ቤት አርባ ዓመት ቆሜያለሁ፤ በሁለት እግሬ» ብለው እንቁላሉን ለዘነቡ መለሱ።

ከሁሉ የከፋው ግምገማው ነው። ጨዋታው እንዳለቀ ጠንካራና ደካማ ጎናችንን ያነብልናል። ኑሩ የማሸነፍ ስሜት ይታይበታል። መሪጌታ የሥነ ሥርዓት ጉድለት አለባቸው። ዘነቡ ተሳትፎዋ ጥሩ ሆኖ የቆሎ አቅርቦት ላይ ክፍተት ተስተውሎባታል። እኔ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር የምባለው፤ «ቀልድን ከዓላማ ያስቀድማል።» በዚህ ዓለም ላይ ስለ እኔ የተነገረ እውነት ይህ ብቻ ነው፤ የተናገረውም እሱ መሆኑ ያናድደኛል።

ታዲያ ለምን አላባረራችሁትም ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ፣ ማንም ሳይመጣ ቀድሞ ይመጣል። ክረምት ከበረዶው ጋር፣ በጋ ከአቧራው ጋር፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ተኩል ላይ በራችን ላይ ነው። አንድ ቀን ዘነቡ ምነው ቸኮልክ ስትለው፣ «ለእኔ ሳምንቱ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ሌላው ቀን ቀጠሮ መጠበቂያ ነው» አላት። እሷ ይህን በሰማች ማግሥት ለእሱ የተለየ ብርጭቆ መደበች፤ እጀታ ያለው። እኔ ግን ከሳምንት ሰባት ቀን በአንዱ ብቻ የሚኖር ሰው በሌሎቹ ስድስቱ ምን ይባላል ብዬ ስቄበታለሁ። ሁለተኛ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እሱ በሄደ ቁጥር አንገቱን እየቀጠልን፣ ማርከሩን እያፈሰስን፣ «ሄ» እያልን የምንስቀው ሳቅ የሳምንት ስንቃችን ነበር።

ነገሩ የተበላሸው አንድ የሐምሌ ቅዳሜ ነው። ዝናቡ ጣሪያውን ሊበሳው ደርሷል፤ መብራት የለም፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሠንጠረዥ አይታይም። መሪጌታ አጋጣሚውን አልለቀቁትም፤ እንቆቅልሽ እንጫወት አሉ። ደመላሽ ዓላማው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መሳቅ ነው አሉት። እሱም የሚለካ አይደለም አለ። ቢሆንም ሌላው ሁሉ ብርሃን የሚፈልግ ስለነበር ተሸነፈ።

የእንቆቅልሽን ወግ ታውቁታላችሁ። መላሹ ካቃተው ሀገር ይሰጣል፤ ጠያቂው ሀገሩን ከወደደው ይቀበልና መልሱን ይናገራል፤ ካልወደደው ሌላ ስጠኝ ይላል። እኔ በዚያ ምሽት፣ ደንብ ወዳዱን ሰው በደንብ ላስቀው ብዬ ሁለት ነገር ጨመርኩበት። አንደኛው፣ ሰው የሰጠውን ሀገር ዳግም በእግሩ አይረግጥም። ሁለተኛው፣ መልሱ ከተነገረው ሀገሩ እስከ መጨረሻው ሄደ ማለት ነው፤ ራሱ ፈልጎ ካገኘው ግን ሀገሩ ይመለስለታል። ደመላሽ ዓይኑ በራ። ማስታወሻውን አውጥቶ በሻማው ብርሃን ሁለቱንም ጻፈ።

ኑሩ አንዱ ሲያቅተው ሱዳንን በሙሉ ሰጠ። መሪጌታ ሲያቅታቸው ገሃነምን ሰጡ፤ ዳግም እንዳይረግጡት። ደመላሽ ግን አያቅተውም። የሀገሩን እንቆቅልሽ ሁሉ የሆነ ጊዜ ሰብስቦ በመዝገብ ይዞታል መሰለኝ፣ አሥራ አንዱን በተከታታይ መለሰና በየመልሱ ለራሱ ነጥብ ያዘ። ጨዋታ በማያውቅ ሰው በገዛ ቤቴ መሸነፍ አንገበገበኝ። ስለዚህ የሌለ እንቆቅልሽ ፈጠርኩ። እያወራሁ ነው የፈጠርኩት፤ መልሱን እኔም አላውቀውም።

«እንቆቅልህ» አልኩት።

«ምን አውቅልህ።»

«በር ላይ ቆሞ ቤት የሞላ፣ ከገበታ ሳይቀርብ የሚበላ።»

አሰበ። ሕይወት አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እንደ አያያዙ ነው አልኩት። ብዙ ቆይቶ አምባ ጊዮርጊስን ሰጠኝ። ነፋሷን ምን ላደርገው ብዬ መለስኩለት። ቡይት ራስን ሰጠኝ። ጭላዳ ላስተዳድር ነው ወይ ብዬ እሱንም መለስኩ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። ዳባት ተወልዶ ያደገባት ከተማ ነች፤ ታላቅ እህቱም እዚያው ነች።

«ዳባትን ሰጠሁህ» አለ።

እኛ የደባርቅ ሰዎች ለዳባት ያለንን ግምት ታውቁታላችሁ፤ ሚኒባስ ለመሙላት የምትቆም ከተማ ነች። ዳባትን ተቀብያለሁ፣ ግን አልሞላልኝም፣ የቀረህ ካለ ጨምርበት አልኩት። ኑሩ አፉን በእጁ ይዞ ይንፈቀፈቃል። ደመላሽ ወደ ማስታወሻው አየ፤ ወደ ግድግዳው ወረቀት አየ፤ ወደ ብርጭቆው አየ።

«ሌላ ሀገር የለኝም» አለ። «ይህን ቤት እንደ ሀገር ከቆጠራችሁልኝ፣ ይህን ቤት ሰጠሁህ።»

የገዛ ቤቴን ሲሰጠኝ ሳቅ ገደለን። ኑሩ ከወንበሩ ወረደ። መሪጌታ ጥምጥማቸውን ያዙ። ያልሳቀችው ዘነቡ ብቻ ነች። እኔም ተቀብያለሁ አልኩና መልስ ልፈጥር አፌን ስከፍት ደመላሽ እጁን አነሳ።

«እንዳትነግረኝ። ከነገርከኝ አይመለስልኝም። ራሴ አገኘዋለሁ።» ቀጥሎም፣ «ደንቡ የሚጸናው ከአሁን ጀምሮ ነው ወይስ ከነገ?» ብሎ ጠየቀ።

«ከአሁን» አልኩት።

ካፖርቱን ለበሰ፤ ማርከሮቹን ቆጠረ፤ ደህና እደሩ ብሎ በዚያ ዝናብ ወጣ። ደጅ ቆሞ የሚያስቀን መስሎን «ሄ» እስኪል ጠበቅን። አላለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘጠኝ ተኩል ላይ ዘነቡ በሩን ከፈተች፤ ማንም የለም። በሩ ሥር ፖስታ ተቀምጧል። ውስጡ «ጉዳዩ፦ የእንቆቅልሽ መልስ ስለማቅረብ» የሚል ደብዳቤ ነበር። መልሱ ጉም ነው ይላል፤ በር ላይ ቆሞ ቤት ይሞላልና። ከገበታ ሳይቀርብ መብላቱን ለማስረዳት ግን አንድ ገጽ ፈጅቶ አልቻለም። እኔም በጀርባው «ተመርምሮ ውድቅ ሆኗል፤ ደግመው ይሞክሩ» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ በኑሩ ላክሁለት። በሳምንቱ ብርድ ነው የሚል መጣ። ቀጥሎ የወጥ ሽታ። ቀጥሎ ወሬ። ሁሉንም ውድቅ አደረግኩ። በየሳምንቱ ፖስታውን ጮክ ብዬ ሳነብ ቤቱ በሳቅ ይታመስ ነበር፤ ቢያንስ እስከ መስቀል ድረስ።

ዳባትንም አልረገጠም። እህቱ እሱን ለማየት በገበያ ቀን ደባርቅ ድረስ መመላለስ ጀመረች። ኑሩ አንድ ቀን ከእሱ ጋር በአንድ ሚኒባስ ወደ ጎንደር ሲሄዱ ያየውን ነገረን። ዳባት መግቢያ ላይ ሲደርሱ ደመላሽ ሁለት እግሩን ከመኪናው ወለል አነሳ፤ ያን ረጅም ጉልበቱን አገጩ ሥር አጣጥፎ፣ መኪናው ሰው ጭኖ፣ ሰው አውርዶ፣ ከተማዋን እስኪያልፍ እንደ ተጠቀለለ ምንጣፍ ተቀመጠ። መሬቱን ያልረገጠ ሰው ደንብ አላፈረሰም ብሎ ነው። እኔ ይህን ስሰማ የሳቅኩት ሳቅ ሊማሊሞ ላይ ሳይሰማ አልቀረም። መሪጌታ ግን ቆሎአቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጥራው» አሉኝ።

መልሱን ሲያገኝ ይመጣል አልኳቸው። መልስ እንደሌለው እንዴት ብዬ ልናገር? ቀልደኛ ሰው ውሸታም መባልን ይችላል፤ ቀልዱ ባዶ ነበር መባልን ግን አይችልም።

ቅዳሜያችንም እንደ ድሮው አልተመለሰም። ዳማ ወጣ፣ ገበጣ ወጣ፣ ካርታ ወጣ፤ ማንም ግን ሁለት ዙር አይጫወትም። ምን እንጫወት ብለን ተቀምጠን ስለ ደመላሽ እናወራለን። ዘነቡ እጀታ ያለውን ብርጭቆ ሳታስበው ታቀርበዋለች፤ ሻዩ እዚያው ይቀዘቅዛል። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን የሁላችንም ዓይን ወደ በሩ ይሄዳል። ያን አሰልቺ ሰው ካባረርኩ በኋላ የባሰ አሰልቺ ሆነን የተገኘነው እኛ ነን፤ ለዚህም ይቅር አልለውም።

የመጨረሻው ፖስታ የመጣው በግንቦት ነው። እንደ ሌሎቹ አልረዘመም። «መልስ፦ የቀረ ሰው። ማብራሪያ፦ ሰው ሲቀር ዓይን ሁሉ ወደ በር ስለሚሄድ በር ላይ እንደቆመ ይቆጠራል። የሚወራው ስለ እሱ ስለሆነ ቤቱን ይሞላል። ድርሻው ሳይነካ ስለሚቀመጥ ከገበታ ሳይቀርብ በልቷል።» ከሥሩ ፊርማውና የቀዩ ማርከር ጠብታ ነበሩ።

ጮክ ብዬ ነበር ያነበብኩት። ማንም አልሳቀም። ኑሩ ወደ ብርጭቆው አየ። ዘነቡ፣ «በል እንግዲህ፣ ሄደህ አምጣው» አለችኝ።

እኔ ግን ቀናሁ። ከአየር ላይ የቀጠፍኩትን ከንቱ ነገር፣ ያ ሳቅ እንኳ በቀጠሮ የሚመጣለት ሰው እውነተኛ እንቆቅልሽ አደረገብኝ። አሥራ ሁለተኛውንም መለሰ ማለት ነው። ወረቀቱን ገለበጥኩና «ተመርምሮ ውድቅ ሆኗል፤ ደግመው ይሞክሩ» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩም። ኑሩ አላደርስም አለኝ። በማግሥቱ ራሴ ወስጄ መሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትቼለት መጣሁ። ጠረጴዛው ላይ አዲስ የጨዋታ ሠንጠረዥ ተጀምሮ ነበር፤ ዳማ በአንደኛ ተራ፣ ገበጣ በሁለተኛ፣ ካርታ በሦስተኛ ተጽፏል። ዓላማ በሚለው ዓምድ ሦስቱም ላይ «መሳቅ» ይላል። አይቼው ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ አልመጣም። ክረምቱ ሳይገባ ወደ መተማ ተዛወረ፤ ራሱ ጠይቆ ነው ተባለ። ዓመታት አለፉ። ለሚመጣው ቅዳሜ ደውዬ መልስህ ልክ ነበር እለዋለሁ እላለሁ፤ ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ ለቅዳሜ የሚሆን ቀልድ እፈልጋለሁ።

እንግዲህ በዚያ ቀን ዳባት ወርጄ የጠበቅኩት ይህን ሰው ነው። ኑሩና መሪጌታ ከደባርቅ ደረሱ፤ ዘነቡም አብራ መጥታለች፣ እኔን ግን ልታየኝ አልፈለገችም። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «ጨዋታ አዋቂና ተግባቢ» የሚል ሰማሁ። የጻፈው ሰው በእርግጥም ደመላሽን በአካል አግኝቶት አያውቅም። መቃብሩ ሩቅ ስላልነበር ሳጥኑን ከመኪናው አውርደው በትከሻ ተሸከሙት። ከርዝመቱ የተነሳ ስድስት ሰው አልበቃውም፤ እኔም ገባሁበት። ከዋናው መንገድ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዳባትን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በሰው ትከሻ ሄደ።

መሪጌታ ከጎኔ እየተራመዱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አየኸው አይደል፤ እግሩን አላሳረፈም» አሉኝ።

እህቱ አፈሩ ሲያልቅ እንኳ አልተነሳችም፤ ደግፈው ወሰዷት። ሁሉም ከሄደ በኋላ እኔ ቀረሁ፤ ማንም እንዳይሰማ ጎንበስ ብዬ፣ ልክ ነህ አልኩት። ዳባትን መልሼልሃለሁም አልኩት። ሰዓቱን አይቶ «ሄ» የሚል መስሎኝ ትንሽ ቆየሁ።

ወደ ደባርቅ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከኑሩ ጋር የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥን። መኪናው ሲነሳ ሁለት እግሬን ከወለሉ አነሳሁ። በዚህ ዕድሜና በዚህ ሆድ ቀላል ሥራ አይደለም። ኑሩ ጉልበቴን አገጬ ሥር ሲያየው፣ ምን ሆነሃል አለኝ።

«ዳባትን ሰጥቼው መጣሁ። ሰጪ አይረግጥም።»

ኑሩ እስከ ከተማዋ ዳርቻ በመስኮት አየ። ከዚያ፣ «ቤቱንስ?» አለኝ።

«ቤቱን ብሰጠው እኔ ዛሬ የት ልገባ ነው?» አልኩት።

አልሳቀም። ዳባት ካለፈች ቆይታ ነበር፤ እኔ ግን ደባርቅ መናኸሪያ እስክንገባ ድረስ እግሬን አላወረድኩም።